እሱ ታሆ ይላል፣ እኔ ሲዬና እላለሁ፣ ምን ይሻለናል?

ደብዳቤው ይሄ ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ዓምድሽን ሁሌ አነባለሁ፣ ይሄንን መጻፍ ግን ትንሽ አሳፍሮኛል፣ ሰው ስንት ጭንቅ እያለበት እኔ ስለ መኪና፣ ግን እቤታችን ሁለት ሳምንት ሙሉ ኩርፊያ ነው ያለው። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ታውን ሀውስ ተከራይተን ነው። ሦስት ልጆች አሉን፣ ትልቁ 7 ዓመቱ ነው፣ መሃለኛዋ 4፣ ትንሿ ገና 8 ወሯ። አሁን ያለችን የ2014 ካምሪ ነች፣ ሦስቱን ካር ሲት ከኋላ ደርድረን በሩን የምንዘጋው በጉልበት ነው። በመስከረም ደግሞ የባለቤቴ እናት ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፣ 6 ወር ይቆያሉ፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ነሐሴ ላይ እቁባችን ይደርሰናል፣ እሱን ዳውን ፔይመንት አድርገን ሰፋ ያለ መኪና እንግዛ ብለን ተስማምተን ነበር፣ ስምምነቱ እዛ ላይ አለቀ። እሱ ሸቭሮሌት ታሆ፣ ያ ከፍ ያለው ትልቁ ኤስዩቪ፣ ካልሆነ ይላል፣ ያየው 63 ሺህ ዶላር ነው። እኔ ቶዮታ ሲዬና 45 ሺህ አግኝቻለሁ። ሚኒቫን፣ በሩ እንደ ታክሲ የሚንሸራተተውን የቤተሰብ መኪና፣ ስለው መጀመሪያ ሳቀና ‹ወያላ ልታደርጊኝ ነው?› አለኝ፣ በሁለተኛው ቀን ስደግመው ግን አልሳቀም፣ ስኖው ሲጥል ምን ልታደርጊ ነው፣ አደጋ ቢደርስ ልጆቼን በቆርቆሮ ላስጨርስ ነው ወይ ብሎ ተቆጣ። እሱ ዲሲ ፓርኪንግ ጋራዥ ነው የሚሠራው፣ ሙሉ ቀን የሰው መኪና ሲያቆም ነው የሚውለው፣ ስለ መኪና ከኔ በላይ እንደሚያውቅ አውቃለሁ። በዓመት ወደ 12 ሺህ ማይል እንነዳለን። እውነት እሱ ነው ልክ ወይስ እኔ? ግራ የገባት እናት።»

እህቴ እንዴት ነሽ፣ ልጆቹስ? መጀመሪያ ነገር አትፈሪ፣ አያሳፍርም። ቤት ካልገዛን በቀር ከመኪና የበለጠ ብር የምናወጣበት ነገር የለም እኮ፣ ያውም ከእቁብ በወጣ ብር፣ ያ ብር ስንት ኦቨርታይም እንደሆነ አውቃለሁ። ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት፣ ማታ ለባለቤቴም አነበብኩለት፣ እሱ ደግሞ ገና ሳልጨርስ «በርጩማውን ንገሪያት» አለኝ። እሺ፣ ከበርጩማው ልጀምር።

የዛሬ ስድስት ዓመት እኛም ትልቅ ኤስዩቪ ነበረን። አራት ልጅ ነው ያለን፣ መኪናው ጥቁር፣ ቆንጆ፣ ከርቀት ሲታይ የሚያኮራ ነበር፣ ውሸት አልነግርሽም እኔም ወድጄው ነበር፣ ከፍ ብዬ ስነዳ መንገዱ ሁሉ የኔ ይመስለኝ ነበር። ከዛ እናቴ መጣች። ደለስ ኤርፖርት ሄደን ተቀበልናት፣ ጋቢናውን ከፈትኩላት፣ እናቴ በሩን ይዛ ወንበሩን ቀና ብላ አየችውና «ይሄንን ማን ይወጣዋል?» አለች። ባለቤቴ ከኋላ ደገፋት፣ እኔ ከላይ ሆኜ እጇን ሳብኩ፣ ነጠላዋ ተንሸራቶ መሬት ወደቀ፣ ከኋላችን መኪና ጡሩምባ ይነፋል፣ እናቴ ያን ቀን እንዴት እንዳፈረች አሁንም ፊቷ ይታየኛል። በማግስቱ የቡና በርጩማዬን ትራንክ ውስጥ ጨመርኩት። ከዛ በኋላ የትም ስንሄድ እኔ ቀድሜ እወርዳለሁ፣ በርጩማውን አወጣለሁ፣ በሩ ስር አስቀምጣለሁ፣ እናቴ አንድ እግሯን እሱ ላይ ታደርጋለች፣ ከዛ ትወርዳለች። ቤተክርስቲያን ደጃፍ፣ ክሊኒክ በር ላይ፣ ዝናብ ሲዘንብም። ከሁለት ወር በኋላ «እናንተ ሂዱ፣ እኔ ቤት እጠብቃችኋለሁ» ማለት ጀመረች። ለቅሶ እንኳን ቀረች፣ እናቴ ለቅሶ የምትቀር ሴት አይደለችም። እኔ ጉልበቷ ብሶባት ነው ብዬ ነበር፣ መኪናው እንደሆነ የገባኝ ተመልሳ ከሄደች በኋላ ነው፣ አንድ ቀን ከጓደኛዬ ሚኒቫን ላይ ስወርድ እግሬ ቀጥ ብሎ መሬት ነካ፣ እዛው ቆሜ አለቀስኩ።

ስለዚህ ካንቺ ደብዳቤ ውስጥ እኔ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለዋጋው አይደለም፣ «ጉልበታቸውን ያማቸዋል» ላልሽው ነው። የሚመጡት ደግሞ የሱ እናት ናቸው። 6 ወር ማለት ክሊኒክ አለ፣ ቅዳሴ አለ፣ ክርስትና አለ፣ ሠርግ አለ፣ በየቀኑ ሁለት ሦስት ጊዜ መውጣትና መውረድ ነው። ሚኒቫን ላይ ሰው ወንበር ላይ ቁጭ እንደሚል ቁጭ ይልና እግሩን ያስገባል። ታሆ ላይ መጀመሪያ መውጣት አለብሽ፣ ስትወርጂ ደግሞ መሬቱ ይርቅሻል። ሻጩ መርገጫ አለው ይልሻል፣ እውነቱን ነው፣ አንዳንዱ በኤሌክትሪክ ራሱ የሚወጣ መርገጫ አለው፣ ለጤነኛ ሰው በቂ ነው፣ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ግን መርገጫም ደረጃ ነው፣ ያውም ጠባብ ደረጃ፣ ክረምት ላይ በረዶ የሚይዝ።

ወደ ልጆቹ እንምጣ። ሜሪላንድ ውስጥ ልጅ 8 ዓመት እስኪሞላው፣ ወይ ቁመቱ 4 ጫማ ከ9 ኢንች እስኪደርስ ካር ሲት ወይ ቡስተር (ልጁን ከፍ የሚያደርግ መቀመጫ) ላይ መቀመጥ አለበት፣ 2 ዓመት ያልሞላው ደግሞ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ነው። እና ትንሿ ገና ከአንድ ዓመት በላይ ዞራ ነው የምትቀመጠው፣ ዞሮ የሚቀመጥ ካር ሲት ደግሞ የፊቱን ወንበር እየገፋ ቦታ ይበላል፣ ካምሪ ላይ አይተሽዋል። አሁን በሐሳብሽ ሰው ደልድይ። ባለቤትሽ መሪ ላይ። እማማ ጋቢና፣ ይሄ አያከራክርም። ሁለተኛው ረድፍ ላይ የ8 ወሯና የ4 ዓመቷ። ትልቁ ልጅ ሦስተኛው ረድፍ። አንቺስ? አንቺም ሦስተኛው ረድፍ ነሽ እህቴ፣ ለ6 ወር ያንቺ ወንበር እዛ ነው። ካር ሲት የታሰረበትን ወንበር አጥፈሽ ማለፍ ስለማትችይ በሁለቱ ወንበሮች መሃል ነው የምታልፊው፣ ያም ሁለተኛው ረድፍ ለየብቻ የቆሙ ሁለት ወንበሮች ካሉት ነው። እዚህ ላይ እውነቱን ለመናገር ታሆም እንደዛ ዓይነት ወንበር ያለው አለ፣ ከ2021 ሞዴል ጀምሮ የኋላ ሰስፔንሽኑ ተቀይሮ ሦስተኛው ረድፍ ጥሩ ሆኗል። ከዛ በፊት ያለውን ዩዝድ ላይ ካያችሁ ግን ሦስተኛው ረድፍ ወለሉ ከፍ ያለ ስለሆነ ጉልበትሽ አገጭሽ ስር ነው የሚደርሰው፣ እዛ አትግቢ።

ሻንጣ ላይ ግን ልዩነቱ በደንብ ይታያል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኢኮኖሚ ለአንድ ሰው ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ይፈቅዳል፣ እማማ ደግሞ ሁለቱንም ሞልተው እንደሚመጡ አንቺም እኔም እናውቃለን፣ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ድርቆሹ፣ ለልጆቹ የሐበሻ ልብሱ። ሁሉም ወንበር ላይ ሰው ተቀምጦ ከሦስተኛው ረድፍ ኋላ የሚቀረው ቦታ ታሆ ላይ 25 ተኩል ኪዩቢክ ጫማ ነው፣ ሲዬና ላይ 33 ተኩል። ቁጥሩ ምንም ላይመስልሽ ይችላል፣ ግን የሲዬና የኋላ ወለል ወደ ታች ጎድጎድ ያለ ነው፣ ትልቅ ሻንጣ ቆሞ ይገባል፣ ስትሮለሩም አጠገቡ። ታሆ ላይ ወለሉ ከፍ ስለሚል ሻንጣውን እስከ ደረትሽ አንስተሽ ነው የምትጭኚው፣ ከዛ ሁለተኛውን በላዩ ላይ፣ ከዛ ስትሮለሩ የት ይግባ? ከውጭ ሲታይ ግዙፉ ታሆ ሆኖ ሳለ ሻንጣውን የሚውጠው ሲዬናው ነው፣ ብዙ ሰው ይሄንን የሚያውቀው ከገዛ በኋላ ነው። በኤስዩቪ ያንን ቦታ የሚያሸንፈው ከታሆ የረዘመው የሸቭሮሌት ሰበርባን ነው፣ ወደ 41 ተኩል ይደርሳል፣ ግን ሰበርባን ርዝመቱ 19 ጫማ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው፣ የታውን ሀውስ ፓርኪንግ ላይ አፍንጫው መንገድ ላይ ነው የሚያድረው። ባለቤትሽ የጋራዥ ሰው ስለሆነ ይሄንን ከኔ በላይ ያውቀዋል፣ ጠይቂው፣ ሰበርባን ሲመጣ ጋራዥ ውስጥ የት እንደሚያቆመው ይንገርሽ።

በሩን ደግሞ አልረሳውም። የኛ ቤተክርስቲያን ፓርኪንግ ፋሲካ ለት አይተሽ ታውቂያለሽ፣ መኪናው ጎን ለጎን ተጣብቆ እጅ እንኳን አያስገባም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ቅዳሴ ያልቃል፣ አንዱ ልጅ ትከሻሽ ላይ ተኝቷል፣ ሌላው ነጭ ልብሱን በሻማ አበላሽቶ ያለቅሳል፣ አንድ እጅሽ ላይ ጧፍ አለ፣ እና ያንን ሰፊ በር ከጎኑ ያለውን መኪና ሳትነኪ በምን ታምር ነው የምትከፍችው። የኔ ሁለተኛው ልጅ በ6 ዓመቱ ከፍቶት የአንድ ሽማግሌ መኪና ላይ ይቺን የምታህል ጎድጓዳ አስቀርቷል፣ ሰውየው እግዜር ይስጣቸው «ልጅ ነው ተዪው» ብለውኝ ሄዱ፣ እኔ ግን እስካሁን ሳያቸው አንገቴን እደፋለሁ። ተንሸራታች በር ጎኑ ላይ ነው የሚሄደው፣ ከሩቅ በቁልፉ ትከፍችዋለሽ፣ አንዳንዱን ደግሞ እግርሽን ከስሩ ስታስገቢ ራሱ ይከፈታል። ካር ሲት ውስጥ የተኛ ልጅ ጎንበስ ብለሽ ስታወጪ ወገብሽ የሚያርፍበት ቦታ አለ። ይሄ ነገር በሳምንት አንዴ ቢሆን ዝም እል ነበር፣ በቀን ስድስት ጊዜ ነው።

አሁን የባለቤትሽን ፍራቻ ልመልስ፣ ምክንያቱም ሰውየው ዝም ብሎ አይደለም የተቆጣው፣ ልጆቼን ነው ያለሽ፣ በቁም ነገር መመለስ ያለበት ጥያቄ ነው።

ስኖውን በተመለከተ ሲዬና በአራቱም ጎማ የሚነዳ አለው፣ ከኋላ ሌላ የኤሌክትሪክ ሞተር ይጨመርለታል፣ ጋዙ ላይ ብዙም አይጎዳውም። ዋናው ነገር ግን ጎማው ነው፣ ያለቀ ጎማ ያለው ታሆ በረዶ ላይ ይንሸራተታል፣ አራቱም ጎማ መነዳቱ ለመነሳት ይረዳል እንጂ ለመቆም አይረዳም፣ ለመቆም ጎማ ነው፣ የመኪናው ክብደት ደግሞ ያባብሰዋል። ከፍታው ጥቅም የሚኖረው ያልተጠረገ ጥልቅ በረዶ ላይ ነው፣ በዛ አምነዋለሁ። ግን በጃንዋሪ 2016 ያ ትልቁ በረዶ ጥሎ ደለስ ኤርፖርት ላይ ከ2 ጫማ በላይ ሲከመር ማንም የትም አልሄደም፣ ትልቅ መኪና ያለውም አካፋ ይዞ ነው የዋለው። ለዛ አንድ ቀን ብላችሁ 63 ሺህ አትክፈሉ።

ደህንነት ላይ ሁለቱንም ወገን እነግርሻለሁ። በኢንሹራንስ ኩባንያዎች ገንዘብ የሚሠራ አይአይኤችኤስ የሚባል መኪና የሚያጋጭ ተቋም አለ። በ2023 አራት ሚኒቫኖችን በአዲሱ ፈተና አጋጭቶ ነበር፣ ፈተናው ከኋላ የሚቀመጠውን ሰው የሚያይ ነው፣ ትንሽ ሴት ወይ የ12 ዓመት ልጅ የምታክል አሻንጉሊት ሁለተኛው ረድፍ ላይ ያስቀምጣሉ። አራቱም ጥሩ የሚለውን ውጤት አላገኙም፣ ሲዬና፣ ኪያ ካርኒቫልና ክራይስለር ፓሲፊካ ከመጨረሻው አንድ ከፍ ያለውን ነው ያገኙት፣ ሆንዳ ኦዲሲ የመጨረሻውን። ይሄንን የምነግርሽ ባለቤትሽ ካወቀው ሚኒቫን የማይረባ ነው እንዳይልሽ ነው። ውጤቱ በካር ሲት በደንብ የታሰረ ልጅን አይመለከትም፣ ያንቺዎቹ ደግሞ አሁን ሁሉም እዛ ላይ ናቸው፣ ነገ ቡስተሩን ሲጥሉ ግን ይመለከታቸዋል። የምትገዢውን መኪና የዛን ዓመት ሞዴል ውጤት ገብተሽ እዪ፣ ታሆውንም አብረሽ እዪ፣ ሁለቱንም በአንድ ዓይን።

ሌላው ወገን ደግሞ ከመኪናው ውጪ ያለው ልጅ ነው። እዚህ ላይ ለማንም ቢሆን ዝም አልልም። ያው ተቋም በዛው በ2023 ባወጣው ጥናት ኮፈናቸው ከ40 ኢንች በላይ የሆኑ መኪኖች እግረኛ ሲመቱ፣ ዝቅ ያለና ወደ ፊት ያዘነበለ ኮፈን ካላቸው መኪኖች ጋር ሲነጻጸሩ፣ ሰው የመግደል ዕድላቸው በ45 ፐርሰንት ገደማ ይበልጣል። 40 ኢንች አንድ ሜትር አካባቢ ነው። የ4 ዓመት ልጅ ቁመትም እዛው አካባቢ ነው። ቴስት ድራይቭ ስትሄዱ ይሄንን አድርጊ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ ኪስሽ ውስጥ ሆኖ፣ ባለቤትሽ መሪው ጋ ይቀመጥ፣ አንቺ የ4 ዓመቷን እጇን ይዘሽ ከኮፈኑ ፊት ለፊት ተጠግታችሁ ቁሙ። «ትታይሃለች ወይ?» በይው። ከዛ አንድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሂጂ፣ የልጅቷ ፀጉር መታየት የሚጀምርበትን ቦታ ይንገርሽ። ከዛ ሲዬናው ላይ ድገሙት። እኔ በገዛ ልጄ አድርጌዋለሁ፣ ታውን ሀውስ ደጃፍ ልጆች ኳስ እየተከተሉ በሚሮጡበት ሰፈር ነው የምትኖሩት። ከኋላ ካሜራ አለው፣ ከ2018 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ አዲስ መኪና ያለ ኋላ ካሜራ አይሸጥም፣ ከፊት ግን ግዴታ አይደለም፣ ታሆ ከወሰዳችሁም የፊት ካሜራ ያለውን ሞዴል ካልሆነ አትውሰዱ።

ብሩን አብረን እናስላው። በ63 እና በ45 ሺህ መሃል 18 ሺህ አለ። ወለዱ 7 ፐርሰንት ቢሆንና በ72 ወር ብትከፍሉት ያ 18 ሺህ ብቻ በወር 307 ዶላር ነው። ጋዙ ደግሞ፣ ሲዬና ከ2021 ጀምሮ ሁሉም ሃይብሪድ፣ በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የሚሄድ፣ ነው፣ በአማካይ በጋሎን 36 ማይል ይሄዳል፣ ታሆ ባለ 5.3 ሊትሩ ቪ8 ወደ 17። 12 ሺህ ማይል ስትነዱ ሲዬናው 333 ጋሎን ይጠጣል፣ ታሆው ከ700 በላይ። ጋሎኑን በ3 ዶላር ብንይዘው በዓመት 1,100 ዶላር ገደማ ልዩነት አለ፣ በወር 90 ምናምን። ደምሪው፣ በወር 400 ዶላር ነው፣ ለ6 ዓመት፣ ኢንሹራንሱን ሳልጨምር። 400 ዶላር ሌላ እቁብ ነው እኮ እህቴ! የእማማ የጤና ኢንሹራንስም ሊሆን ይችላል፣ ምክንያቱም ለጉብኝት የመጣ ሰው እዚህ ቢታመም ሂሳቡ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ ከመምጣታቸው በፊት የቪዚተር ኢንሹራንስ ግዙላቸው፣ ከመኪናው በፊት ይሄ ይቅደም።

ሲዬና ብቻ ነው ያለው ማለቴ አይደለም። ዲለሮች ሲዬና ላይ ከተለጠፈው ዋጋ በላይ መጨመር ይወዳሉ፣ ከጨመሩባችሁ ተነስታችሁ ሂዱ። ዩዝድ የ2021 ወይ የ2022 ብታገኙ የሃይብሪድ ባትሪው ዋስትና 10 ዓመት ወይ 150 ሺህ ማይል ነው፣ ለሁለተኛው ገዢም ይተላለፋል። ኦዲሲ ሰፊ ነው፣ ሲነዳም ደስ ይላል፣ ግን ሃይብሪድ አይደለም፣ በአራቱም ጎማ የሚነዳም የለውም፣ ዩዝድ ከሆነና 100 ሺህ ማይል ከተጠጋ ታይሚንግ ቤልቱ (የሞተሩ ቀበቶ) ተቀይሯል ወይ ብላችሁ ወረቀቱን ጠይቁ። ባለቤትሽን ልታቀራርቢው ከፈለግሽ ደግሞ ኪያ ካርኒቫልን አሳዪው፣ ፊቱ ኤስዩቪ ነው የሚመስለው፣ ከ2025 ሞዴል ጀምሮ ሃይብሪድ አለው፣ በጋሎን 33 ማይል አካባቢ ይሄዳል፣ የኋላ ቦታው ወደ 40 ኪዩቢክ ጫማ ነው። በአራቱም ጎማ የሚነዳ የለውም፣ ያንን ንገሪው፣ አትደብቂው። ታሆ ላይ ከጸና ደግሞ ባለ 6.2 ሊትሩን ሞተር ዩዝድ ስታዩ ተጠንቀቁ፣ በ2025 ጄኔራል ሞተርስ ከ2021 እስከ 2024 ድረስ የተሠሩትን ሞተራቸው ሊበላሽ ስለሚችል ለጥገና መልሶ ጠርቷቸዋል፣ ሪኮል የሚሉት ነው፣ ባለ 5.3ቱ እዛ ውስጥ የለም። የማንኛውንም መኪና የቪን (መለያ) ቁጥር የመንግሥቱ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት፣ የኤንኤችቲኤስኤ፣ ድረገጽ ላይ አስገብታችሁ ሪኮል እንዳለበትና እንደሌለበት በነጻ ታያላችሁ።

ታሆ ወይ ሰበርባን ልክ የሚሆንበት ሰው አለ፣ ያንን ልክድ አልችልም። ተጎታች የሚጎትት ሰው ከሆነ ሲዬና 3,500 ፓውንድ ላይ ያበቃል፣ ታሆ ከ8 ሺህ በላይ ይጎትታል። የብላክ ኤስዩቪ ሥራ፣ በትልቅ ጥቁር መኪና ሰው በክፍያ ማመላለስ፣ ሊገባበት ያሰበ ሰው ከሆነም መኪናው መተዳደሪያው ነው፣ ብዙ ወንድሞቻችን ዲሲ ውስጥ በሰበርባን ልጆች አሳድገዋል፣ ለነሱ ሚኒቫን ግዙ አልላቸውም። ባለቤትሽ እንደዛ ዓይነት ሐሳብ ካለው አሁኑኑ ይንገርሽ፣ ሒሳቡ በሙሉ ይቀየራል። ካላሰበ ግን ያን ሁሉ ጉልበት ለምን ትከፍሉበታላችሁ።

አሁን ስለ ወያላው። እህቴ ይሄንን ቃል በቀላሉ አትለፊው። አዲስ አበባ ያደግን ሰዎች ተንሸራታች በር ስንሰማ ጆሯችን ውስጥ የሚመጣው የሃይስ በር ነው፣ ጧት ብርድ ላይ ተሰልፈን፣ ረዳቱ ግማሽ አካሉን በር ላይ አንጠልጥሎ «ፒያሳ፣ ፒያሳ፣ ሁለት ሰው» እያለ፣ ሦስት ሰው መቀመጫ ላይ አራት ሆነን ተጠጋጉ እየተባልን ነው። ትልቁ መኪና ደግሞ የባለሥልጣን ነበር፣ ቪ8 ሲያልፍ ውሃውን ረጭቶብን ነው የሚያልፈው። ያንን ያየ ልጅ አድጎ፣ አሜሪካ መጥቶ፣ ለዓመታት የሰው ታሆና የሰው ሰበርባን ቁልፍ እየተቀበለ ሲያቆም ውሎ፣ አንድ ቀን የራሴን ቢል አይፈረድበትም። ያንን ሐሳብ ያሳደረው ጉራ አይደለም፣ ድካም ነው። እና «ሰው ምን ይለኛል ብለህ ነው» ብለሽ አትናገሪው፣ በዘመድ ፊትማ በፍጹም አታንሺው፣ እህቱ ቤት ቡና ላይ ተቀምጠሽ እንደ ቀልድ ብታነሺው ለዓመት የሚሆን ቂም ይሆናል። «ይገባሃል፣ ያንተ ድካም ከታሆም በላይ ይገባዋል፣ ግን እናትህን እንዴት ነው የምናስወጣቸው?» በይው። የኔን በርጩማም ንገሪው ከፈለግሽ፣ ባለቤቴ ነው ንገሪያት ያለኝ፣ ታሆ ዓይነቱን መኪና የመረጠው እሱ ነበር፣ ሽጠነው ሚኒቫን የገዛነውም በሱ ሐሳብ ነው።

እና እንዲህ አድርጉ። አንድ ቅዳሜ ጧት፣ ሁለታችሁም ሥራ በሌላችሁ ቀን፣ ሦስቱንም ካር ሲት ከካምሪው ነቅላችሁ፣ ስትሮለሩንና ቤት ያለውን ትልቁን ሁለት ባዶ ሻንጣ ይዛችሁ ሂዱ፣ የሰው መኪና ለምናችሁም ቢሆን፣ ጥዋት ታሆውን፣ ከሰዓት ሲዬናውን። ካር ሲቶቹን የሚያስረው እሱ ይሁን፣ ሻንጣውን የሚጭነውም እሱ፣ አንቺ ዝም በይ፣ እጁ ራሱ ይነግረዋል። የሚቻል ከሆነ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አንድ ጎረቤት ወይ አክስት ይዛችሁ ሂዱና በየተራ ይውጡ ይውረዱ። ሻጩ «በወር ስንት መክፈል ትፈልጋላችሁ?» ካላችሁ እሱን ጥያቄ አትመልሱለት፣ የወሩን ሂሳብ ዝቅ ለማድረግ 84 ወር ነው የሚያደርግባችሁ፣ ታክሱም ሰሌዳውም ተጨምሮ በሩን ስንወጣ ስንት ነው በሉት፣ በወረቀት ይስጣችሁ፣ ብድሩን ቀድማችሁ ክሬዲት ዩኒየን ጠይቃችሁ ሂዱ። ለሁለቱም መኪና የኢንሹራንስ ዋጋ ደውላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ያን ቀን ምንም አትፈርሙ፣ ምንም ቢሉ፣ ዛሬ ብቻ ነው ዋጋው ቢሉም።

ሌላ የምለምንሽ፣ ሲዬናውንም ታሆውንም ስትሞክሩ አንቺ ጋቢና አትቀመጪ። ሦስተኛው ረድፍ ግቢ፣ ትልቁን ልጅሽን አጠገብሽ አድርጊና ባለቤትሽ ቤልትዌይ (ዲሲን የሚዞረው አውራ ጎዳና) ላይ ሃያ ደቂቃ ይንዳ። ስትመለሱ ቦታ ቀይሩ፣ አንቺ ንጂ፣ እሱ ደግሞ እዛ ኋላ ይቀመጥ፣ የሱ ጉልበት የት ድረስ እንደሚደርስ እሱው ይይ። ከዛ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ቡና አፍሉና ተነጋገሩ፣ ምን ላይ እንደደረሳችሁ ጻፊልኝ፣ እማማም በሰላም ይግቡላችሁ።